ከቃለ መጠይቁ በኋላ የተሰጠኝ ወረቀት

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጋ ነው። አዲስ አበባ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ አድርጌ 221(ጂ) የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ተከለከልኩ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በሕጉ አነጋገር ክልከላ ነው፤ ፋይልሽ ግን ሰነድ ወይም ማጣራት እየጠበቀ ነው እንጂ አልተዘጋም። የተጠየቀ ሰነድ ካለ በ1 ዓመት ውስጥ አስገቢ፤ አለዚያ እንደገና ማመልከትና መክፈል ይመጣል።

ጋብቻችሁን ከተጠራጠሩት ነገሩ ይከብዳል። ባለቤትሽ ላንቺ ያስገባው ማመልከቻ ወደ አሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ይመለሳል፤ መልስ የሚጠየቀውም ባለቤትሽ ነው። ስለዚህ የስልክ ልውውጣችሁን፣ የሐዋላ ደረሰኙን፣ እሱ ሲመጣ የተመታለትን የፓስፖርት ማህተም፣ ከሽምግልናው እስከ መልሱ ያለውን ፎቶ ከአሁኑ ሰብስቡ።

«አስጨርስልሻለሁ» የሚልን ደላላ አደራ አትመኚ፤ ሐሰተኛ ሰነድ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። ቪዛው እጅሽ ሳይገባም ሥራሽን አትልቀቂ።