የቤት እድሳትና የሰው ደኅንነት

በጉለሌ፥ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፥ በመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል የሚነግዱ ባለሱቆች ብዙዎች ናቸው። ንግዱ የሰፋለት ሰው ግድግዳ አፍርሶ በር ያሰፋል፤ ጣራ ይለውጣል፤ ቀለም ያስቀባል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የሚስማሩን ዋጋ ሳይቀር የሚያስላ ነጋዴ የሰውን ሕይወት ከሒሳቡ ውጭ የተወ እንደ ሆነ ትርፉ ኪሳራ ይሆንበታል። ስለዚህ የሚከተለውን ማስተዋል ይገባል።

አንደኛ፥ ስለ ግድግዳ። በእንጨትና በጭቃ በተሠራ ቤት የጣራውን ሸክም የሚችለው ጭቃው ሳይሆን በውስጡ የቆመው ቋሚ እንጨት ነው። እንጨቱም ከመሬት በሚገናኝበት ስፍራ በእርጥበትና በምስጥ ይበላል፤ ላዩ በልስን ስለ ተሸፈነ ግን ጤነኛ ይመስላል። በር ለማስፋት አንዱ ቋሚ ሲቈረጥ ሸክሙ በቀረው ላይ ይወድቃል፤ የቀረውም የበሰበሰ እንደ ሆነ ጣራው በሠራተኛው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ አስቀድሞ በግርጌው ያለውን ልስን ፍቆ እንጨቱን መመርመር፥ ቀጥሎ ጣራውን በጠንካራ ድጋፍ ማቆም፥ መቍረጥም ከዚያ በኋላ ነው። የራሰ ጭቃ ስለሚከብድና ስለሚላላ ሥራው ክረምት ሳይገባ ቢያልቅ ይመረጣል።

ሁለተኛ፥ ስለ መወጣጫ። ከእንጦጦ ግርጌ የባሕር ዛፍ በቀላሉ ስለሚገኝ መወጣጫው የሚሠራው ከእርሱ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚኰማተር ማሰሪያው ይላላል፤ ጫፉም ላይ ሚስማር ሲመታበት ይሰነጠቃል። እንግዲህ ማሰሪያውንና መርገጫውን በየማለዳው መፈተሽ ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፥ ስለ ኤሌክትሪክ። ወደ ቤት የሚገባው 220 ቮልት ሰውን ይገድላል፤ የተላጠ ሽቦ የነካው የጣራ ቆርቆሮም እንዲሁ ነው። ሥራ ሳይጀመር የአምፖሉን ማብሪያ ብቻ ሳይሆን ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ማቋረጫ ማጥፋት፥ ማንም እንዳይመልሰውም ጠባቂ ማቆም ያስፈልጋል።

አራተኛ፥ ስለ ቀለም። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ሊገኝ ይችላል። ቀለሙ በደረቁ ሲፋቅ አቧራው የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ በውሃ አርሶ መፋቅ፥ ሕፃናትንም ማራቅ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ስለ ወሰነ፥ ቀለም አስመጪ የሆነ ሁሉ የምርመራ ማስረጃውን ከፋብሪካው ጠይቆ ሊይዝ ይገባዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዛል። ሕጉ ባያዝ እንኳ፥ የቀን ሠራተኛው ማታ ወደ ቤቱ የሚጠብቁት ልጆች አሉት። የድጋፍ እንጨት፥ የራስ መከላከያ ቆብና ጓንት የሚጠይቁት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የወደቀን ሰው ግን ገንዘብ አያስነሣውም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህን ነው።