ጎብዬ ላይ የትኛው ቴሌስኮፕ ይሻለናል?



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ባለፈው የጀመዓ ስብሰባ በመዋጮው ገንዘብ አንድ ቴሌስኮፕ ገዝተን በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ጎብዬ እንድንወስደው ተነጋግረን ነበር። የመድረሳ ልጆች ሰማዩን እንዲያዩበት፣ ለሂላልም እንዲያገለግል ነው ሐሳቡ። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ብቻ ስለሆነ ስንገዛ ደግመን የምንሞክርበት ዕድል የለም። በዚህ እትም የቀረቡትን ሦስት አማራጮች አብረን እንመርምር።

ሦስቱም በመጠን ተቀራራቢ ናቸው። የመጀመሪያው የፊት ሌንሱ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 400 ሚሊ ሜትር ነው። አጭሩ እንበለው። ሁለተኛው 90 በ900 ነው፤ ይህ ረጅሙ ነው። ሦስተኛው 80 በ600 ሲሆን ሌንሱ ኢዲ ከሚባል ልዩ ብርጭቆ የተሠራ ነው፤ ዋጋው ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አንዳንዶቻችን «ለምን ባለመስታወት አይሆንም? እንጦጦ ላይ ያሉትስ ባለመስታወት አይደሉም ወይ?» ብለን ጠይቀናል። እውነት ነው፤ በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት አላቸው። ለምርምር ከዋሉት ባለሌንስ ቴሌስኮፖች እስከ ዛሬ ትልቁ በ1897 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በየርክስ የተተከለው ባለ 102 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ሌንስ በራሱ ክብደት ስለሚጎብጥ ዓለም ወደ መስታወት ዞረ። በእኛ መጠን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባለመስታወቱ መኪና ላይ ሲንገጫገጭ መስተካከሉን ይስታል፣ ቱቦውም ክፍት ስለሆነ የራያን አቧራ ይጠጣል። ባለሌንሱ ዝግ ነው፤ ከሚኒባስ አውርደን ወዲያው እናይበታለን።

አሁን ወደ ሦስቱ እንመለስ። ከ80 ወደ 90 ሲኬድ የሚሰበሰበው ብርሃን በ27 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ዝርዝር የመለየት ዐቅሙም ከ1.45 ወደ 1.3 የቅስት ሰከንድ ይሻሻላል (አንድ የቅስት ሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው)። ዐይን ላይ ይህ ልዩነት ጥቂት ነው፤ በስፋት ብቻ ብንመርጥ ኖሮ ሳንቲም ወርውረን መወሰን እንችል ነበር። የሚለያያቸው ቀለም ነው።

አንድ ሌንስ ብቻ ቢሆን ቀይና ሰማያዊ ብርሃንን እኩል ቦታ ላይ አያሳርፍም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገኘው መፍትሔ ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ማጣመር ነበር፤ አጭሩም ረጅሙም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ጥምረቱ ግን ስሕተቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። የተረፈው የሚታየው በደማቅ ነገር ዙሪያ እንደ ሐምራዊ ጭጋግ ሆኖ ነው። ልምድ ያላቸው ተመልካቾች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ የትኩረት ርቀቱን ለሌንሱ ስፋት ስናካፍል የሚገኘው ቁጥር ከሌንሱ ስፋት በኢንች ሦስት እጥፍ ባያንስ ጥሩ ነው ይላል። ለ80 ሚሊ ሜትር 9.4 ያስፈልጋል፤ አጭሩ ያለው 5 ነው። ለ90 ሚሊ ሜትር 10.6 ያስፈልጋል፤ ረጅሙ 10 አለው፣ ማለትም ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። በረጅሙ ጨረቃን ስናይ ጠርዟ ላይ ቀጭን ሐምራዊ መስመር ብናይ ነው። በአጭሩ ግን ጁፒተርን ብናጎላው ቀለሙ ራሱ ዝርዝሩን ያደበዝዘዋል። ኢዲው ቀለሙን ከሞላ ጎደል ያስወግደዋል፣ ለፎቶግራፍም ተመራጭ ነው። እኛ ግን የምናየው በዐይን ነው፤ ለዚያች ቀጭን መስመር ብቻ ያን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት አይታየንም።

አጭሩን ግን አናጣጥለው። ቴሌስኮፕ የሚያጎላው የትኩረት ርቀቱ ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ነው። ባለ 25 ሚሊ ሜትሩ የዓይን ሌንስ አጭሩ ላይ 16 እጥፍ፣ ረጅሙ ላይ 36 እጥፍ ይሰጣል። በአጭሩ 3 ዲግሪ ያህል ሰማይ በአንዴ ይታያል፣ በረጅሙ 1.4። ሱረያ የምንላት የከዋክብት ዘለላ አጭሩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ትገባለች። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ትንሽ ደመና» ብሎ የመዘገበው የአንድሮሜዳ ጋላክሲም በአጭሩ ያምራል። ነገር ግን ልጆች ተሰልፈው መጀመሪያ የሚጠይቁት የጨረቃን ጉድጓዶች፣ የሳተርንን ቀለበትና የጁፒተርን ጨረቃዎች ነው። ለዚህ ከ90 እስከ 130 እጥፍ ይፈለጋል። ረጅሙ 90 እጥፉን በተራ ባለ 10 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ያገኘዋል፤ አጭሩ ከ4.5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠች፣ ዐይን ለማስጠጋት የምታስቸግር ሌንስ ይጠይቃል። (ካርቶን ላይ «525 እጥፍ» ተብሎ ሲጻፍ አትመኑ፤ የዚህ መጠን ሌንስ ከ180 እጥፍ በላይ ምንም አይጨምርም።)

ማቆሚያው ላይ ደግሞ ጎብዬ የራሷ ጠባይ አላት። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ግድም ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 12 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ ነው የምትታየው፤ ጉብታ ካለ ጭራሽ ላትታይ ትችላለች። በርካሽ የሚሸጡት ባለዘንግ ማቆሚያዎች ለአውሮፓና ለአሜሪካ 40 እና 50 ዲግሪ የታሰቡ ናቸው። ወደ 12 ሲወርዱ ወይ አይታጠፉም፣ ወይ ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ብቻ የሚዞረው ቀላሉ ይሻለናል። ሌላው ችግር ፕላኔቶች በእኛ ሰማይ አንዳንዴ ልክ ከራሳችን በላይ ማለፋቸው ነው። ያኔ የረጅሙ ቱቦ የማቆሚያውን እግር ይነካል፣ ተመልካቹም መሬት ላይ መንበርከክ አለበት። መፍትሔው ከፍ ያለ ማቆሚያ ነው፤ ጥሩ አናጢ በወፍራም እንጨት ቢሠራው ከሚሸጠው ቀጭን አሉሚኒየም ያነሰ ይርገበገባል። ቱቦውን ብቻ ከጅዳ ወይም ከሪያድ ለሚመጣ ሰው ብናስመጣ ወጪው ይቀንሳል። ርዝመቱ ወደ 1 ሜትር ስለሚጠጋ ግን ሻንጣ ውስጥ እንደማይገባ ለሚያመጣው ሰው አስቀድመን መንገር አለብን።

የቀረው ሂላል ነው፤ ስብሰባው ላይም ብዙ ያከራከረን እሱ ነበር። ኢዲው ይገዛ ያሉት ወንድሞች «ለሂላል ጥራት ያስፈልጋል» ብለዋል። እኛ ግን ጎብዬ ላይ ሂላልን የሚወስነው ሌንስ አይመስለንም፣ ተራራው ነው። የቆቦ ሜዳ በምሥራቅ የዞብል፣ በምዕራብ ደግሞ የላስታ በኩል ከፍታ ግድግዳ አለው፤ ሂላል የሚፈለገው ደግሞ በምዕራብ ነው። በእኛ ኬክሮስ ፀሐይም ጨረቃም ወደ አድማስ የሚወርዱት ቀጥ ብለው ሊባል በሚችል መንገድ ነው፤ ሂላሉም እንደ ራያ በሬ ቀንድ ጫፎቹን ወደ ላይ አድርጎ ይታያል። ይህ ጸጋ ነው። ነገር ግን በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ይወርዳል። ጨረቃዋ ከፀሐይ 48 ደቂቃ ዘግይታ የምትገባ ብትሆንና ተራራው ከአድማስ 6 ዲግሪ ቢነሣ 24 ደቂቃውን ተራራው ይወስደዋል። ሰማዩ ጠቆር ብሎ ቀጭኗ ጨረቃ ልትለይ ስትል ከተራራው ኋላ ናት። የትኛውም ሌንስ ድንጋይ አያሳልፍም።

መድኃኒቱ ከግድግዳው መራቅ ነው። ከሜዳው 1000 ሜትር ከፍ የሚል ተራራ በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ 5.7 ዲግሪ፣ በ20 ኪሎ ሜትር 2.9 ዲግሪ ብቻ ይሸፍናል። ወደ ዞብል በኩል ተጉዘን ትንሽ ጉብታ ላይ ብንወጣ የምናተርፈው ጊዜ ኢዲው ከሚሰጠን ይበልጣል። ለመፈለጊያ ደግሞ 7 በ50 ወይም 10 በ50 የሆነ ተራ ባይኖኩላር ሰፊ ሰማይ ስለሚያሳይ ከሦስቱም ይመቻል፤ ቦታውን በእሱ ካገኘን በኋላ በዐይናችን እንሞክራለን። በመሣሪያ ብቻ የታየ ሂላል ይቆጠራል ወይ የሚለው ላይ ዑለማእ የተለያየ አቋም አላቸው። እሱን ለሸኾቻችን እንተዋለን፤ የእኛ ድርሻ ያየነውን በትክክል መመስከር ነው። ወላሁ አዕለም።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ረጅሙ ይገዛ፣ ከሚተርፈው ባይኖኩላር ይጨመር የሚል ነው። ከዕቃው ጋር በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመድ ትንሽ ጥቁር «የፀሐይ ማጣሪያ» ከመጣ ወዲያው ይሰበር፤ ሙቀቱ ሰንጥቆት የተመልካቹን ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ እንደታየው ያለ የቀለበት ግርዶሽ ሲመጣ ማጣሪያው ከፊት ሌንሱ በፊት መታሰር አለበት። ሂላል ስንፈልግም ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትሰወር ባይኖኩላርም ሆነ ቴሌስኮፕ ወደ ምዕራብ አይዙር።

ጎብዬ፣ ሮቢትና ቆቦ አካባቢ ቤተሰብ ያላችሁ እህትና ወንድሞች አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በቅርቡ ወደ ቤት ስትሄዱ ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ጡጫችሁን በምዕራቡ ተራራ ፊት ያዙ፤ የአንድ ሰው ጡጫ በዚህ ሁኔታ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ከሜዳው ጠርዝ እስከ ተራራው ጫፍ ስንት ጡጫ ወይም የጡጫ ግማሽ እንደሆነና ከየት ቦታ እንደለካችሁ ጽፋችሁ ለጀመዓው አምጡልን። ለሻዕባን 29 ምሽት የት እንደምንቆም የምንወስነው በእሱ ነው፣ ኢንሻአላህ።