«እሺ» ማለት ሁልጊዜ ፈቃድ ነውን?

የቋንቋ ተማሪዎች በሕክምና ጉዳይ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሕክምና በመርፌና በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን በቃልም የሚሠራ በመሆኑ ያገባናል እንላለን።

ከመካከላችን አንዱ ቡና ገበሬ የሆኑትን አጎቱን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር። ሐኪሙ በአማርኛ ተናገረ፤ አጎቱ የሚሰሙት ጌዴኡፋ ብቻ ስለ ነበረ ወንድማችን አስተረጐመ። ነገር ግን የሐኪሙን ረጅም ንግግር በሦስት ቃል አሳጠረው። «ገባዎት?» ሲባሉ ሽማግሌው «እሺ» አሉ፤ በወረቀቱም ላይ በጣታቸው ፈረሙ። ከበር እንደ ወጡ ግን «ልጄ፣ የሚቆርጡት ምኔን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ያ «እሺ» የአክብሮት ቃል ነበረ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ባለሙያው አስረድቶ ፈቃድ እንዲቀበል ደንግጓል። ያልተረዳ ሰው ፊርማ ይህን አይሞላም።

ታዲያ እንዴት ይመከር? ግሊን ኤልዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ ምክክሩን በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፤ እኛም በአጎታችን ሕመም በቡአ እንመልከተው።

አንደኛ፣ ምርጫ መኖሩን መንገር። ብዙ የማያስቸግር የብሽሽት ቡአ ያለበት ወንድ ቶሎ ሊቀደድ፣ ወይም እየተከታተለ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት ማስረዳት። ከቀዶ ጥገና በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ሸክም ማንሣት አይገባም። የሚቆይ ሰው ደግሞ እብጠቱ አልመለስ ብሎ ቢያመው፣ ቢያስመልሰውም፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ አለበት።

ሦስተኛ፣ ለሕመምተኛው የሚበልጥበትን ጠይቆ አብሮ መወሰን። ሐኪሙ ቡአውን ያውቃል፤ የቡናው ለቀማ መቼ እንደሚደርስ፣ ጆንያውንም ማን እንደሚሸከም የሚያውቁት ገበሬው ናቸው።

በመጨረሻም «ገባዎት?» በማለት ፈንታ፣ «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ እንዳውቅ፣ ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ስሕተት ቢገኝ ጥፋቱ የአስረጂው ይሆናልና ሽማግሌው አያፍሩም።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በጌዴኦ ሶንጎ ሽማግሌዎች ነገሩን አዳምጠው፣ ተመካክረው ነው ወደ ውሳኔ የሚደርሱት። በሐኪም ቤትም ሕመምተኛው ከፈቀደ ቤተ ዘመድ ይማከር፤ የመጨረሻው ቃል ግን ገላው የሚቆረጠው ሰው ይሁን።

ወንድማችን አጎቱን ይዞ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ አንዲት ቃል ሳያስቀር አስተረጐመ፤ እርሳቸውም ቀኑን ከለቀማው በኋላ አደረጉት። በዲላ የምንማር ጌዴኡፋ ተናጋሪዎች ሁሉ አንድ ቀን ለአጎት፣ ለአክስት ወይም ለጎረቤት ማስተርጐማችን አይቀርምና፣ ያን ዕለት ቃል አናሳጥር።