የትርፍ ሰንጠረዥ ማስረጃ ይሆናልን? በኢንተርኔት የሚሸጡ ራስ-ሰር የምንዛሪ መገበያያ ሥርዓቶች ተዓማኒነት

በኢንተርኔት የሚሸጡ ራስ-ሰር የውጭ ምንዛሪ መገበያያ ሥርዓቶች ዋነኛ ማስረጃቸው ያለፈ ጊዜ የትርፍ ሰንጠረዥ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚገዛ ነጋዴ ከጆንያው አፍ ያለውን ብቻ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም፤ ሰንጠረዡም እንዲሁ ከላይ ታይቶ አይታመንም።

«ከ100 ግብይት 90ው አትራፊ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። እያንዳንዱ ትርፍ 10 ብር፣ እያንዳንዱ ኪሳራ ግን 100 ብር ቢሆን፣ 90ው ትርፍ 900 ብር ሲያስገኝ 10ሩ ኪሳራ 1,000 ብር ይወስዳል፤ ያውም የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት ገና ሳይቀነስ።

ሌላው ጉድለት ሥርዓቱ በተቀመረበት መረጃ መልሶ መፈተኑ ነው። ብር በእነዚህ ሥርዓቶች ባይገበያይም አደጋውን በቅርብ ያሳያል፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የዶላር መግዣ ዋጋ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአንድ ቀን ከ74 ብር አለፈ። በቀደሙት ወራት አዝጋሚ ለውጥ ላይ የተመሠረተ ስሌት ይህን ዝላይ ሊያውቀው አይችልም።

ከስሌቱም በፊት ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚቀመጥ መጠየቅ ይገባል። የደቡብ አፍሪካው ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል «በሮቦት እንገበያያለን» ብሎ ከ29,000 በላይ ቢትኮይን ሰበሰበ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፍርድ ቤት መሪው ለተጎጂዎች ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲመልስ ወሰነ።