ስለ ኮምፒውተር መስኮትና ስለ ፊደላችን

ባለፈው ክረምት ከሁሩታ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ለከተማችን ልጆች መጻሕፍት ለመለመን ማመልከቻ በአንድ ጽሕፈት ቤት አስጽፈን ነበር። ፍላሽ ላይ እንዳስገለበጥን መብራት ስለ ጠፋ አዳማ ወርደን ልናሳትመው ሄድን። እዚያ ስንከፍተው ከአማርኛው አንድ ፊደል እንኳ አልተገኘም፤ ገጹን የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ሞልቶታል። በዚያው ፍላሽ የነበረው በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ የስም ዝርዝር ግን ምንም ሳይጎድል ተከፈተ። ማመልከቻው እንደገና እስኪጻፍ ቀኑ አለፈብን። ነገሩ ስለ ከነከነን ምክንያቱን መረመርን፤ ያገኘነውንም ለጓደኞቻችን እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አይቢኤም በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒውተር በተለመደው አሠራሩ በስክሪኑ ላይ 80 ፊደል በአግድም፥ 25 መስመር በቁም ያሳይ ነበር። የፊደሎቹም መልክ አስቀድሞ በፋብሪካ የተወሰነ 256 ምልክት ነበር። ሰው ትእዛዙን በላቲን ፊደል እየጻፈ ይሰጣል፤ ለ«ሀ»ና ለ«ለ» ግን ቦታ አልተተወላቸውም።

ሌላው አሳብ ከዚያ በፊት ተጀምሯል። ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 ማውስን በጉባኤ ፊት አሳየ። በ1973 በዜሮክስ የምርምር ጣቢያ የተሠራው አልቶ የተባለው ኮምፒውተር ደግሞ ስክሪኑን በጥቃቅን ነጥቦች ከፋፍሎ እያንዳንዱን ነጥብ ለየብቻው ያዝዝ ነበር። አፕል በ1983 ሊዛን፥ በ1984 ማኪንቶሽን አወጣ፤ ማይክሮሶፍትም በ1985 የመጀመሪያውን ዊንዶውስ አቀረበ። ገበያውን በሰፊው የያዙት ግን በ1990 የወጣው ሦስተኛው ዊንዶውስና ከዚያ የተከተለው ዊንዶውስ 95 ናቸው።

ብዙ ሰው የዚህ ለውጥ ጥቅም ማውሱና መስኮቱ ይመስለዋል። ለእኛ ግን ዋናው ነጥቡ ነው። ስክሪኑ የነጥብ ሰሌዳ ከሆነ ማንኛውም ፊደል ይሳልበታል። በ1980ዎቹ በውጭ አገር የነበሩ ኢትዮጵያውያን፥ ከእነርሱም መካከል ዶክተር አበራ ሞላ፥ ፊደላችንን በኮምፒውተር ለመጻፍ ደክመዋል። ኋላም ለዊንዶውስ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ተሠሩ።

ይሁን እንጂ የፊደል መልክ ሌላ፥ ቁጥሩ ሌላ ነው። ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ቁጥሩን ነው። በአንድ ባይት የሚገኘው ቁጥር 256 ሲሆን ግማሹን ላቲን አስቀድሞ ይዞታል። የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፥ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ ለላቲን የተመደበውን ቁጥር በራሱ አሰላለፍ ለፊደላችን አከፋፈለ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ያው ቁጥር ወደ ላቲንነቱ ይመለሳል። ማመልከቻችንን ያገኘው ይኸው ነው፤ የስም ዝርዝሩ የዳነውም ቁቤ ራሱ የላቲን ፊደል ስለሆነ ነው።

መድኃኒቱ በ1999 ተገኘ። በዚያ ዓመት የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ለ345 ፊደሎቻችንና ምልክቶቻችን ሌላ የማይጋራው ቁጥር ሰጠ። ሁ 4609፥ ሩ 4649፥ ታ 4723 ነው፤ የከተማችን ስም በኢተያም ሆነ በቶኪዮ በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋል። በ2007 ለሕዝብ የተሸጠው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ።

እንግዲህ የቀረው የእኛ ሥራ ነው። በየጽሕፈት ቤቱና በየእድሩ በድሮው አሠራር የተጻፈ ብዙ መዝገብ አለ። ጽሑፉ የትኛው እንደሆነ ለመለየት፥ ምልክት አድርጎ ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን መለወጥ ነው፤ አማርኛው ወደ ላቲን ከተገለበጠ የድሮው ነው። እንዲህ ያለውን ሁሉ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ እንለውጠው። በመጪው ክረምት ወደ አገራችን ስንመለስ ከየሰፈራችን የእድር መዝገብ ብንጀምር፥ ለወላጆቻችን የሚታይ ጥቅም ይሆናል።