የውጭ አገር ደንበኞች ስለ ኢትዮጵያ ያላቸው የተሳሳተ ግምትና በንግድ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

ከባሕር ማዶ ጋራ የሚጻጻፍ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ደብዳቤ ከሚልኩልን ደንበኞች ብዙዎቹ አገራችንን በዓይናቸው አላዩአትም። የሚያውቋት በፎቶግራፍና በፊልም ነው። የተሳሳተው ግምት በደንበኛው ልብ ውስጥ ብቻ ቢቀር ምንም ባልጎዳን ነበር፤ ነገር ግን ውሎ አድሮ በፕሮፎርማ፥ በኤልሲና በጭነት ሰነድ ላይ ይጻፋል። ያን ጊዜ ወጪው የኛ ይሆናል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርት ከእነዚህ ግምቶች መካከል ለነጋዴ ዋጋ የሚያስከፍሉትን እንመረምራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው የአየሩ ጠባይ ነው። አፍሪካ ሲባል ሙቀትና አሸዋ ብቻ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። በሐምሌ ወር ስስ ሸሚዝ ለብሶ ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ መገናኛ ሳይደርስ ካፖርት ሲጠይቅ እናያለን። እንግዳው ብርድ ቢመታው ትኩስ ሻይ ጠጥቶ ይሻለዋል፤ ለከፍታው ሳይታሰብ የተገዛ መኪና ግን በሻይ አይድንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፥ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ውሃ እንኳ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተርም እንደዚሁ የሚተነፍሰው አየር ያንሰዋል። በፋብሪካው መዝገብ ላይ 100 ኬቪኤ ተብሎ የተጻፈ ጄኔሬተር ለዝቅተኛ ቦታ የተሰላ ከሆነ፥ የካ ላይ ወይም ኮተቤ ላይ ተተክሎ ያንኑ ያህል ሸክም አይችልም። የጉድለቱ መጠን እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል፤ ተርቦ የሌለው የበለጠ ይደክማል። ሻጩ ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ከተማችን በተራራ ላይ እንዳለች አልገመተም። አስመጪ ዋጋ ሲጠይቅ፥ ዕቃው የሚሠራበትን ቦታ ከፍታ በሜትር ጽፎ፥ በዚያ ከፍታ የሚሰጠውን ኃይል ሻጩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥለት ይጠይቅ። የድንች ጥብስና የብስኩት ከረጢት የሚያስመጡ ባለ ሱቆችም ከረጢቱ ተነፍቶ ቢያገኙት ተበላሽቶ ነው ብለው አይደንግጡ፤ በቆላ የታሸገ አየር ደጋ ሲወጣ ይነፋል።

ስለ እንጦጦ ካነሣን ዘንድ ስለ ደኑም እንናገር። ጎብኚዎች የተራራውን ዛፍ አይተው «ጥንታዊ የአፍሪካ ደን» ይሉታል። ዛፉ ግን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ባሕር ዛፍ የሚለው ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. ሲሆን፥ በእነዚያ ዘመናት ከተማይቱ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ስላጠራት ነው ይህ ዛፍ የመጣላት። በዚያው ተራራ ቁልቁለት የማገዶ ሸክም በጀርባዋ አዝላ የምትወርደውን ሴት ፎቶግራፍ አንሺው የዘመናት ባላገርነት ምልክት አድርጎ ያሳያታል። ለኛ ግን እርስዋ ለዚህች አዲስ ከተማ ምድጃ የምታቀርብ፥ ድካምዋ ከትርፍዋ የበዛ ነጋዴ ናት። ከእርስዋ መንገድ በላይ፥ በዚያው ተራራ ራስ ላይ፥ ሁለት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ የሕዋ መመልከቻ ይገኛል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተተኮሰችው የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት የመሬት ጣቢያዋ የተሠራው በዚሁ ስፍራ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የውጭው ሰው የሚያየው ግን አንደኛውን ብቻ ነው።

ይህ ለነጋዴ ምን ያገባዋል የሚል ቢኖር፥ እጅግ ያገባዋል። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ እውነተኛ መከራ ነበር፤ የሚካድ አይደለም። የዚያን ጊዜ ሥዕል ግን በብዙ ሰዎች ዓይን ውስጥ እስከ ዛሬ ቀርቶአል። በዚያው ጊዜ የብሪታንያ ሙዚቀኞች ለእርዳታ በዘፈኑት ዘፈን፥ የገና በዓል መድረሱን እናውቅ እንደ ሆነ ጠየቁ፤ የተጠየቀው ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ክርስትናን የተቀበለ አገር ነው፤ ልደትን የምናከብረውም ታኅሣሥ 29 ቀን እንጂ በነርሱ ቀን አይደለም። በእንዲህ ያለ ሥዕል የሚመራ ደንበኛ የሸማ ልብስ ወይም የቆዳ ቦርሳ ሲያዝዝ ምጽዋት የሰጠ ይመስለዋል፤ ስለ ድርና ማጉ፥ ስለ ቆዳው አለፋፍ አይጠይቅም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ምጽዋቱን ወደ ሌላ አገር ያዞራል። ላኪው የዕቃውን ጥራት በቁጥርና በናሙና ቢያስረዳ ይሻለዋል። ድኻ አገር የራሱ የሆነ ሀብት የለውም የሚለው ግምትም ጉዳት አድርሶብናል። የጤፍ ዱቄት አሠራር በአውሮፓ የፈጠራ መብት ተሰጥቶበት፥ የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ የነበረውን መብት የሻረው በፈረንጆች 2018 ነበር። ስለ ሲዳሞ፥ ስለ ሐረርና ስለ ይርጋ ጨፌ የቡና ስሞች ከስታርባክስ ጋራ ስምምነት የተደረሰውም ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። በእኔ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመው ስም ነው። የምዕራብ ሰው የመጨረሻው ስም የቤተ ሰብ ስም ነው ብሎ ያምናል። በኛ ዘንድ ግን ሁለተኛው የአባት፥ ሦስተኛው የአያት ስም ነው፤ የሚጠራው ባለቤቱ ራሱ በመጀመሪያ ስሙ ነው። ሚስትም ባገባች ጊዜ ስምዋን አትለውጥም። ከዚህ የተነሣ በአንድ ሱቅ የሚሠሩ ባልና ሚስት በውጭው ባንክ ዓይን የማይተዋወቁ ሰዎች ይሆናሉ፤ በአባታቸው ስም ብቻ የተገጣጠሙ ሁለት እንግዶች ደግሞ ወንድማማቾች ይባላሉ። ገብረ ማርያም የሚባል ስም ከሁለት ይከፈልና ጺማም ነጋዴው «ሚስተር ማርያም» ተብሎ ይጻፍለታል። ይህ ያስቃል፤ የሚከተለው ግን አያስቅም። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልክ የለውም፤ ፀሐይ የሚለውን አንዱ በሁለት ፊደል፥ ሌላው በአንድ ፊደል ይጀምረዋል። በፈረንጆች 2007 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የኤልሲ ደንብ እንደሚለው ባንክ የሚመረምረው ሰነዱን ነው እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ በሰነዶቹ መካከል ያለው ቃልም እርስ በርሱ መቃረን የለበትም። ቡናው ምንም ያህል ቢያምር፥ በኤልሲው አንድ ስም፥ በቢል ኦፍ ሎዲንጉ ሌላ ስም ከተገኘ ክፍያው ይዘገያል፥ ለልዩነቱም ተጨማሪ ገንዘብ ይቈረጣል። ስለዚህ በፓስፖርት፥ በንግድ ፈቃድና በባንክ ሒሳብ ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍ አንድ ይሁን፤ እንደ ገብረ ማርያም ያለው ስምም ሳይለያይ እንደ አንድ ቃል ተያይዞ ይጻፍ። ለአዲስ ደንበኛ በመጀመሪያው ደብዳቤ፥ «ስማችን እንዲህ ነው፤ የመጨረሻው የአባት ስም ነው» ብሎ ማስረዳት አያሳፍርም።

ከስም ቀጥሎ ቀን ነው። ዘመናችን ከነርሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ማነሱን አይተው ወደ ኋላ የቀረን የሚመስላቸው አሉ። ልዩነቱ የመጣው የጌታ ልደት የሆነበትን ዓመት ከማስላት እንጂ ከመዘግየት አይደለም። ወሩም 13 ነው፤ ጳጉሜን አንዳንዶች የትየባ ስሕተት አድርገው ይሰርዟታል! ለነጋዴ ግን አደጋው በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን ነው። 5/1/2018 ብለን ብንጽፍ እኛ መስከረም 5 ማለታችን ነው፤ ይህም በነርሱ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 ነው። እንግሊዙ ጃንዋሪ 5 ቀን 2018፥ አሜሪካዊው ሜይ 1 ቀን 2018 አድርጎ ያነበዋል። በርበሬ ወይም ማር አሽጎ የሚልክ ነጋዴ በኛ አቈጣጠር የታሸገበትን ዓመት ብቻ ቢያትም፥ ትናንት የታሸገው ዕቃ በገዢው ወደብ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ሆኖ ይታያል። ወደ ውጭ በሚሄድ ሰነድና መለያ ላይ ወሩ በስም፥ ዓመቱም በፈረንጆች ይጻፍ፤ የኛ ቀን ካስፈለገም አቈጣጠሩ ተገልጾ ከጎኑ ይሁን።

የሰዓት ጉዳይ አጭር ነው። «ነገ ሦስት ሰዓት» የተባለ እንግዳ በራሱ ሰዓት ቈጥሮ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፤ ባለ ሱቁም ሲጠብቅ ውሎ ይቈጣል። ኢትዮጵያውያን ቀጠሮ አያከብሩም የሚለው ወሬ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። በከፊል ያልኩት፥ ያለ ምንም የሰዓት ልዩነት የሚዘገይ ሰው በመካከላችን ስላለ ነው።

ወደብ ያለን የሚመስላቸውም አሉ፤ አዲስ አበባ ድረስ «ሲአይኤፍ» ብለው ዋጋ ይልካሉ። ይህ ቃል ለባሕርና ለአገር ውስጥ የውሃ መጓጓዣ ብቻ የተደነገገ ነው። የጅቡቲው ወጪና ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ያለው መጓጓዣ በማን ላይ እንደሚወድቅ ተለይቶ ሳይጻፍ ፕሮፎርማው መፈረም የለበትም።

በመጨረሻም ጾም አለ። የውጭው ላኪ ወይ ጾማችንን አያውቀውም፥ ወይ አገሩ ሁሉ ሥጋ የማይበላ ይመስለዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከመቶ 43.5 ኦርቶዶክስ፥ 33.9 ሙስሊም፥ 18.6 ፕሮቴስታንት ነበር። ስለዚህ ገበያው አንድ ዓይነት አይደለም። ነገር ግን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ያን ጊዜ የብዙ ሥጋ ቤቶች በር ይዘጋል፥ የአይብና የቅቤ ፈላጊም ይቀንሳል። አይብ የጫነ ኮንቴይነር በጾሙ መግቢያ ቢደርስ የማቀዝቀዣ ኪራይ ሲከፍል ይከርማል፤ ለረመዳን የታዘዘ ተምርም ከጾሙ በኋላ ቢደርስ እንደዚሁ ነው። ፋሲካ በየዓመቱ ይዘዋወራል፤ ረመዳንም በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ፊት ይቀድማል። በቢሮአችን በየዓመቱ የጥቅምት ወር ሲገባ የሚመጣውን ዓመት የጾምና የበዓል ቀኖች በፈረንጆች አቈጣጠር በአንድ ገጽ ጽፈን ለዕቃ አቅራቢዎቻችን እንልካለን፤ ከነርሱም መካከል ገጹን ከመርከብ ማስያዣ ሠንጠረዣቸው ጋራ አያይዘው የሚያስቀምጡ አሉ።