ቅርብ መሪና ጸንቶ የሚኖር ታማኝነት

በየቁምስናውና በየማኅበሩ ኃላፊነት የተቀበለ ሰው ሁሉ ከአባላቱ ታማኝነትን ይጠብቃል። ይሁን እንጂ መተዳደሪያ ደንብ ሊያስገኝ የሚችለው መታዘዝን ብቻ ነው። ከአንገት በላይ የሆነ መታዘዝ ደግሞ ኃላፊው ከሥልጣኑ ሲወርድ አብሮ ይቀራል። መሪው በአጠገብ በማይኖርበት፣ ጥቅም ቀርቶ መከራ በሚመጣበት ጊዜ የማይናወጥ ታማኝነት ከየት ይገኛል? በዚህ ትምህርት የቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስንና የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ መሠረት አድርገን ጥያቄውን እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሀ. ሁለቱ አባቶች

ቅዱስ ዩስጢኖስ በ1800 በደቡብ ኢጣሊያ ሳን ፌሌ በተባለች ከተማ ተወለዱ። የላዛሪስት ማኅበር ካህን ሆነው በ1839 የተልእኮው ኃላፊ በመሆን ወደ ትግራይ መጡ፤ ሕዝቡም «አቡነ ያዕቆብ» ብሎ ጠራቸው። አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም ተወልደው በመርጡለ ማርያም ገዳም የመነኮሱ፣ በመጻሕፍት ዕውቀታቸው የታወቁ ሊቅ ነበሩ። እንግዲህ በዕድሜ ታላቁ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው፤ በሀገሩ ቋንቋና ትምህርትም ቢሆን የላቁት እርሳቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሊቅ በማዕረግ ብቻ ለማንም የሚገዛ አልነበረም።

ለ. መቅረብ ምን ማለት ነው?

በዚያ ዘመን ወደ ባለሥልጣን ለመቅረብ የሚፈልግ ሰው ደጅ መጥናት ነበረበት። አቡነ ያዕቆብ ግን ሰው ወደ እርሳቸው እስኪመጣ አልጠበቁም። የሀገሩን ቋንቋዎች ተማሩ፣ እንደ ሀገሩ መነኮሳት ለበሱ፣ ሕዝቡ የሚበላውን በሉ። በ1840 መጀመሪያ በዓድዋ ለጥቂት ሰዎች ሲናገሩም መቆየታቸውንና መሄዳቸውን በአድማጮቻቸው ፈቃድ ላይ አደረጉት። ሰው የፈለገውን ይመልስላቸው ዘንድ ነፃነትን አስቀድመው ሰጡት ማለት ነው።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲያመጡ ወደ ካይሮ መልእክተኞችን ሲልኩ አቡነ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። አባ ገብረ ሚካኤልም ከመልእክተኞቹ አንዱ ነበሩ። ጉዞው ከካይሮ አልፎ እስከ ሮምና ኢየሩሳሌም ደረሰ። በረጅም መንገድ ሰው ራሱን ሊሰውር አይችልም፤ ድካሙም ትዕግሥቱም ይታያል። አባ ገብረ ሚካኤል በመጀመሪያ በጥርጣሬ የተመለከቷቸውን እንግዳ ካህን ያወቋቸው በዚህ መንገድ ነው።

ሐ. ጥያቄን መታገሥ

ሆኖም አባ ገብረ ሚካኤል ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገቡት ከጉዞው በኋላ በ1844 ነው። በእነዚያ ዓመታት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በሊቃውንቱ መካከል ይደረግ የነበረውን ክርክር መመርመራቸውን አላቋረጡም። አቡነ ያዕቆብም አላጣደፏቸውም። ብዙ መሪዎች በራቸውን ይከፍታሉ፤ ነገር ግን የሚገባው ሰው ሐሳባቸውን የሚቃወም ሲሆን ፊታቸው ይለወጣል። እንዲህ ያለው በር ክፍት ቢመስልም የተዘጋ ነው። አባል ያለ ፍርሃት «አልተስማማሁም» ብሎ ተከራክሮ፣ በመጨረሻ ተረድቶ ሲቀበል ግን የተቀበለው ነገር የራሱ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ አቡነ ያዕቆብ የሊቁን ዕውቀት ከጎን አላስቀመጡትም። አባ ገብረ ሚካኤል በጓላ በተከፈተው ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ለትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ዝግጅትም ረዱ። በ1849 ጵጵስናን የተቀበሉት አቡነ ያዕቆብ በ1851 ቅስና ሰጧቸው። አንድ አባል እንደሚታመን የሚያውቀው ከሚሰማው ምስጋና ይልቅ ከሚሰጠው ሥራ ነው።

መ. የፈተናው ቀን

በ1854 ሁለቱም በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ተለይተው ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤል እምነታቸውን ቢተዉ እንደሚፈቱ ቢነገራቸውም እንቢ አሉ፤ በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር እየተወሰዱ ሳሉም በነሐሴ 28 ቀን 1855 ዐረፉ። በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በእስር ቤት አቡነ ያዕቆብ በአጠገባቸው አልነበሩም፤ የሚሰጥ ሹመትም አልነበረም። አባ ገብረ ሚካኤልን ያጸናቸው መርምረው የተቀበሉት እምነት ነው። አቡነ ያዕቆብ ሰውን ወደ ራሳቸው ብቻ አስረውት ቢሆን ኖሮ ወዳጅነቱ በመለያየት ባበቃ ነበር። አባላቱን በራሱ ዙሪያ ብቻ የሚሰበስብ መሪ ወገንተኞችን ያፈራል፤ ከራሱ ወደሚበልጠው ዓላማ የሚያደርሳቸው ግን ምስክሮችን ያፈራል።

ለሰውየው ያለው ፍቅርም ቢሆን አልጠፋም። አቡነ ያዕቆብ በ1860 በጉዞ ላይ ሲያርፉ ዛሬ በኤርትራ በሚገኘው በሄቦ ተቀበሩ። ደቀ መዝሙራቸው የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖትም የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ለትውልድ አቆዩ። በ1975 ቅድስናቸው ታወጀ።

ሠ. ለእኛ

ስለዚህ የቁምስና ምክር ቤት፣ የወጣቶችና የእናቶች ማኅበር ኃላፊዎች ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ሥራ አለ። ከስብሰባ የቀረውን አባል ስሙን ከመዝገብ ከመሰረዝ በፊት ቤቱ ሄዶ መጠየቅ፣ የተቃወመውን ሰው እስከ መጨረሻ ማዳመጥ፣ ለሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን ሥራ መስጠት ይገባል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዴም ክብርን ዝቅ ያደርጋል። በሌላ መንገድ የሚገኝ ታማኝነት ግን የፈተናውን ቀን አያልፍም።

ለውይይት፦
1. በማኅበራችን ውስጥ አባል ሐሳቡን ሳይፈራ የሚናገርበት ጊዜና ቦታ አለን?
2. ዕውቀት እያላቸው ሥራ ያልሰጠናቸው እነማን ናቸው?
3. እኛ ነገ ከኃላፊነት ብንወርድ አባላቱ በምን ይጸናሉ?